የደረሱበት ሰዓት

ሰውየው የመጣው ለመታከም አልነበረም። በክሊኒኩ የምትሠራው ፈለቀች ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብላ ፋሻ ስትቆርጥ ድምፁን ሰማችው። ውለታ እንደሚለምን ሰው ቃል እየመረጠ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው። «ልከስ አይደለም ዶክተር፤ ካሳም አልፈልግም። ያን ቀን እዚህ የደረስንበትን ሰዓትና ከዚህ የወጣንበትን ሰዓት ወረቀት ላይ አስፍረው ማህተም ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል» አለ። የክሊኒኩ ባለቤት መኩሪያ መዝገቡን አገላበጠ። ከዚያ ዘጋውና ሀጀር የምትባል ታካሚ በዚህ ክሊኒክ መዝገብ ላይ እንደሌለች ነገረው። ሰውየው፣ እዚህች አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝተናት ነበር እኮ አለ።

ፈለቀች መቀሱን አስቀመጠች። ድምፁን አውቃዋለች፤ ሃይደር ነው፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ ስኳርና ሳሙና የሚሸጠው የወሎ ሰው። ሚስቱን ሀጀርን የላምባ ምድጃ ፈንድቶባት እዚህ ያመጣት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። አሁን እንደሚለው ከሆነ፣ ሆስፒታሉ ካርዷ ላይ «ዘግይታ የመጣች» ብሎ ጽፏል፤ ያንን ቃል ከደሴ ለለቅሶ የመጣው ወንድሟ አንብቦ ለእናቱ ነገራቸው። አማቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤቱ ተቀምጠው አያናግሩትም። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ልጄን ቤት አስተኝቶ ፈጃት ብለው ለለቀስተኛው ሁሉ ተናግረዋል። «እኔ ግን አላዘገየሁም» አለ ሃይደር። «በሩብ ሰዓት ውስጥ እዚህ ነበርን። እርስዎ ያውቃሉ።» መኩሪያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ፤ ሌላ ታካሚ እየጠበቀው እንደሆነ ነገረው። ታካሚ አልነበረም። ሃይደር አመስግኖ ወጣ። ፈለቀችን የከነከናት ማመስገኑ ነው።

የመዝገቡ ነገር ውሸት አልነበረም። ሀጀር መዝገብ ላይ የሌለችው ስላልተመዘገበች ነው፤ ያልተመዘገበችው ደግሞ መኩሪያ «ቆይ፣ አትጻፊ» ስላላት ነው፤ ሳትጽፍ የቀረችውም ራሷ ፈለቀች ናት። ሰዓቱን ግን አትረሳውም፤ የሴትዮዋን የልብ ምት ለመቁጠር የእጅ ሰዓቷን ስታይ ሦስት ሰዓት ከአሥር ይል ነበር፣ ከጠዋቱ። መኩሪያ በሁለቱም እጆቿ ደም ሥር ፈልጎ አጣ። መርፌ ወጋት፣ ቁስሉን በሐምራዊው መድኃኒት ቀባው፤ እንደገና ደም ሥር ፈለገ። ድምፅዋ እየጎረነነ ሲሄድ ግን ደነገጠ፤ አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ታክሲ ጥራና ትልቅ ሆስፒታል ውሰዳት አለው ባሏን። ምን እንደተወጋች፣ መቼ እንደተቃጠለች፣ የሚናገር ብጣሽ ወረቀት አልሰጠውም።

መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበረም። «ዶክተር» የሚለው የሰፈሩ ሹመት ነው እንጂ እሱ አሥራ ሰባት ዓመት ጦር ሜዳ ለጦር ሜዳ የዞረ የጤና ባለሙያ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን ገርጂ ገባ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ሦስት ክፍል ተከራየና ክሊኒክ ከፈተ። አሁን ግንቡን ሠርቷል፣ ከኋላ ቪላ ቤቱን ጀምሯል፤ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ፈቃዱ ደግሞ ጉንፋንና ወባ፣ ቢበዛ ቁስል ማጠብን ነው የሚፈቅደው። ከባድ ሕመምተኛ ይዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ማቆየቱ በማህተሙ ከተረጋገጠ፣ የክልል አሥራ አራት፣ የአዲስ አበባ፣ ጤና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች በመጡ ጊዜ መልስ የለውም። ፈለቀች ይህን ሁሉ ታውቃለች። መኩሪያ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ መሐሪ ከመሥሪያ ቤቱ በቅነሳ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚኖሩት በመኩሪያ ግቢ፣ ለሠራተኛ ተብለው በተሠሩት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ የምትበላውም ከዚህ ክሊኒክ ነው።

ምሳ የሚበላው ትልቁ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነበር። ሳሎኑ ገና ቀለም አልተቀባም፤ ሶፋዎቹ ላይ ፕላስቲክ ተለብጦባቸዋል፤ የቲቪው ማስቀመጫ አለ፣ ቲቪው የለም። የመኩሪያ ሚስት ሀይሚ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራች፤ ባለፈው ሳምንት በኩንታል ሦስት ብር ጨምሯል፣ ነጋዴው ደግሞ ከመገናኛ ጀምሮ የጭነቱን ለብቻ አስከፍሏል። መሐሪ ራሱን ነቀነቀ። መሐሪ በወንድሙ ገበታ ላይ ራሱን ከመነቅነቅ ያለፈ ነገር ካቆመ ቆይቷል። ፈለቀች አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት ሃይደር የሚባለው ሰውዬ መጥቶ ነበር አለች። ሀይሚ ሽሮውን ወደ መኩሪያ ጠጋ አደረገች። መኩሪያ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ውኃ ጠጣ። መሐሪ በጠረጴዛው ሥር የሚስቱን እግር በእግሩ ነካ። ሲሚንቶው ወደ ገበታው ተመለሰ።

ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ የክሊኒኩ በር በኃይል ተንኳኳ። ፈለቀች ቀድማ ወጣች። ደጃፉ ላይ አንድ ወጣት ሴት በሁለት ሰው ተደግፋ ቆማለች፤ ቀሚሷ ከደረቷ ላይ ተጣብቋል፣ ቀኝ እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች። ትብለጽ ትባላለች፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ፓስቲ የምትጠብስ ናት። የምትጠብስበት የዘይት ድስት ተገልብጦባታል። ደግፏት የመጣው ባሏ ኃይለኪሮስ ነው፤ ሌላዋ ጎረቤት ናት። ጎረቤቷ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል ቀላቅላ ቁስሉ ላይ ለጥፋበታለች፤ ነጩ ልጥፍ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ እየደረቀ ነበር። ፈለቀች መጀመሪያ የጠየቀችው ስሟን አልነበረም። መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ኃይለኪሮስ አሁን ነው፣ አሁን አላት። እሷ ግን አለቀቀችውም፤ ሰዓቱን ፈለገች። በመጨረሻ ጎረቤቷ ሬዲዮው የሰባት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል እንደነበር አስታወሰች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ሆኗል።

ቧንቧው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሄዷል። ግቢው ውስጥ ያለው ውኃ ሀይሚ ለልብስ ብላ ያጠራቀመችው አንድ በርሜል ብቻ ነው። ፈለቀች ትብለጽን በርሜሉ አጠገብ ዱካ ላይ አስቀመጠቻትና በጣሳ እየቀዳች ታፈስባት ጀመር። ጎረቤቷ እጇን ያዘቻት። ውኃ ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ያቆስላታል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው አለች። ኃይለኪሮስም ውኃው ይቅርባት እያለ ለመነ። ፈለቀች አልተከራከረችም፤ ጣሳውን ለእሱ ሰጠችውና፣ እኔ በቃ እስክልህ ድረስ ቀስ እያልክ አፍስስ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ አለችው። ሀይሚ በረንዳው ላይ ቆማ በርሜሉ ሲጎድል ታያለች። ወደ ቤት ግን አልገባችም። ትብለጽ ከጥርሷ ማፋጨት በስተቀር የምታሰማው ድምፅ አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጥርሷን ማፋጨቷን ተወች። ልጥፉ ታጥቦ ወረደ። ፈለቀች ውኃው ሳይቆም የትብለጽን ቀለበትና የእጇን አምባር በሳሙና አንሸራታ አወጣች፤ ጣቶቿ ማበጥ ጀምረዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም ነበር። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጠዋት የቀቀለችውን ንጹሕ አንሶላ አምጥታ ሸፈነቻት፣ ብርድ እንዳይመታት በላዩ ጋቢ ጣለችባት። ደም ሥር በመጀመሪያው ሙከራ አገኘች፣ ግሉኮስ ሰቀለችላት። የሕመም ማስታገሻና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ወጋቻት።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ ከደብተር ገጽ ቀድዳ መጻፍ ጀመረች። መኩሪያ ገብቶ በላይዋ ቆመ። ምን እንደምትጽፍ ጠየቃት። ለሆስፒታሉ ነው አለች። ወረቀት ሳይኖር ቶሎ ይውሰዷት፣ እነሱ ሲደርሱ ያዩታል አላት። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አላነሣችም።

«ማህተም ከእኔ አትጠብቂ» አለ መኩሪያ።

«አልጠብቅም ጋሼ። የጻፍኩት በራሴ ስም ነው።»

መኩሪያ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደው። ይቀድደዋል ብላ ጠበቀች። ቆሞ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወደ ትብለጽ ሄደ፣ አንሶላውን ከጀርባዋ በኩል በሁለት ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ፤ የእጁን መዳፍ በቁስሉ ላይ፣ ሳይነካው፣ እየለካ ቆጠረ። «ከሰውነቷ የተቃጠለው አሥራ አምስት በመቶ ነው ብለሻል። አሥራ ስምንት ነው፤ ጀርባዋን አላየሽም» አላት። ፈለቀች አሥራ አምስቱን ሰርዛ አሥራ ስምንት ጻፈች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦላት ወደ ቪላው ሄደ። ሰው እንዳይደውል የስልኩ መደወያ ላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ቁልፍ ግን ሲሄድ አልተቆለፈችም ነበር። ረስቶት ይሁን አይሁን አላወቀችም። ሆስፒታሉ ደወለች፣ አራት ጊዜ ተይዟል፣ በአምስተኛው ተነሣላት፤ የተቃጠለች ሴት ይዛ እንደምትመጣ ተናገረች። ያነሣው ሰው እሺ ብሎ ዘጋው።

ኃይለኪሮስ ያመጣው ሚኒባስ በሠላሳ ብር ኮንትራት ነበር። ሾፌሩ ወንበሩ እንዳይበላሽ ፕላስቲክ አንጥፉ አለ፣ ተነጠፈለት። ፈለቀች የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች። እስከ መገናኛ ያለው ኮረኮንች በእያንዳንዱ ጉድጓድ ትብለጽን ያንገላታታል፤ ፈለቀች ክንዷ ሲዝል ጠርሙሱን ወደ ሌላው እጇ ታዛውራለች። ኃይለኪሮስ መሃል መንገድ ላይ ትድናለች ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ይህን ካለችው በኋላ ሰውየው ተረጋጋ፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ካርድ አውጡ አለ፣ ኃይለኪሮስ ወደ ካርድ ክፍል ሮጠ። ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ውስጥ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተኝቷል። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ሚስኪ ትባላለች፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ በቁሟ የምትጽፍ ሴት ናት። ፈለቀች ወረቀቱን ዘረጋችላት። ሲስተር ሚስኪ ያነበበችው በአንድ ትንፋሽ ነው፦ የተቃጠለችው ሰባት ሰዓት ላይ፣ በፈላ ዘይት፤ ጥርስ ሳሙናና እንቁላል ተቀብቶባት ነበር፣ ታጥቧል፤ ሃያ ደቂቃ በውኃ ቀዝቅዟል፤ አሥራ ስምንት በመቶ፤ ክብደቷ በግምት ሃምሳ ኪሎ፤ የተወጋችው ይህና ይህ፣ በዚህ ሰዓት፤ ግማሽ ሊትር ገብቶላታል፤ ምሳ አልበላችም፤ አምባርና ቀለበቷ ባሏ ኪስ ውስጥ ናቸው። ነርሷ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቁጥር አባዝታ፣ ከሚያስፈልጋት ፈሳሽ ግማሹ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መግባት አለበት ብላ ለባልደረባዋ ጮክ ብላ አስታወቀች። ከመጣችበት አይደለም የሚቆጠረው፣ ከተቃጠለችበት ነው አለች። ትብለጽን ወደ ውስጥ ሲያስገቧት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

ሲስተር ሚስኪ ወረቀቱን ካርዱ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ከገርጂ፣ ከግል ክሊኒክ አለቻት ፈለቀች። ነርሷ ትንሽ አሰብ አደረገች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከዚያው አካባቢ አንዲት ሴት መጥታ ነበር፣ ሐምራዊ ተቀብታ፣ ቁስሉ ሊታይ አልቻለም አለች። ባሏን መቼ ነው ብንለው ጠዋት አለ፤ ምን ተደረገላት ብንለው አያውቅም። ሰዓቷ በትክክል ስለማይታወቅ ፈሳሹን አሁን እንደተቃጠለች ቆጥረን ጀመርን፤ ካርዱ ላይ ዘግይታ የመጣች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። ፈለቀች ጠርሙስ ይዞ የዛለውን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ቆመች። ብታውቁ ኖሮ ትድን ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ሚስኪ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ጭሱ ሳንባዋ ገብቶ ነበር፣ ምናልባት ላትድን ትችል ነበር አለች። «ምናልባትም ትድን ነበር። እሱን አሁን ማንም አያውቀውም።»

ትብለጽ ዳነች። ከሰባት ሳምንት በኋላ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ማንሳት ቢያቅታትም ወደ ፓስቲዋ ተመለሰች። ሲስተር ሚስኪ ከዚያች የደብተር ገጽ ላይ ጥያቄዎቹን ብቻ ገልብጣ፣ በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፋ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ሰቀለችው፤ ዘበኛው ሳይቀር መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ ነው የሚለውን ሆነ። የመኩሪያ ፈቃድ ታደሰ። ፈለቀችና መሐሪ ግን መስከረም ሳይጠባ ከግቢው ወጥተው ጎሮ ዳር አንድ ክፍል ተከራዩ። የወጡት ተጣልተው አልነበረም፤ የተናገረም፣ የተቆጣም የለም። አንድ ቀን ምሳ ሲደርስ የጠራቸው ሰው አልነበረም፣ በማግስቱም አልጠራቸውም፣ ነገሩ ገባቸው። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያን ቀን ፈለቀች ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍራ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማዞሪያው ስትደርስ፣ ወደ ግቢው በሚወስደው መንገድ ፈንታ ቁልቁል ወረደች።

የሃይደር ሱቅ ክፍት ነበር። እሱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ለአንዲት ሴትዮ ሩብ ኪሎ ስኳር ይመዝናል። ፈለቀችን ሲያይ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። እማማን ላነጋግር ነው የመጣሁት አለችው። በጎን በኩል ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር በአገጩ አሳያት። ጫማዋን አውልቃ ገባች። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው ተነሥቶ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት የጎረቤት ሴቶች ተቀምጠዋል። የሀጀር እናት እማማ ሲቲ መሃል ላይ ናቸው፤ ትንሽ ሴትዮ፣ መቁጠሪያቸው ጉልበታቸው ላይ። ልጃቸው እንድሪስ መስኮቱ ሥር ነበር። ፈለቀች ነፍስ ይማር ልትል ብላ ተወችው፤ እዚህ ቤት የሚባለው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች። አላህ ያጽናችሁ አለችና ተቀመጠች።

መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። እዚያ ስትቀመጥ ሁሉም ጠፋት፤ ሰዓቶቹ ብቻ ቀሩ። በክሊኒኩ የምሠራ ነኝ አለች። ልጅዎ እኛ ጋ የደረሰችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው፣ ያኔ ከተቃጠለች ሩብ ሰዓት ቢሆናት ነው። ከእኛ የወጣችው አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው። ያዘገየናት እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠየቀ። እማማ ሲቲ ዓይናቸውን ከፈለቀች ሳይነቅሉ ቁጭ በል አሉት፤ ተቀመጠ።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ እማማ። የልብ ምቷን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ይዞሽ ዝም አልሽ?»

ስለ ቤቱ፣ ስለ ባሏ ሥራ ማጣት፣ ስለ ፈቃዱ ልትናገር ትችል ነበር። «ፈርቼ ነው» አለች።

አንደኛዋ የጎረቤት ሴት እንባዋን በሻሿ ጠረገች። እማማ ሲቲ አላለቀሱም። ልጄ ምን ብላ ነበር፣ የምትናገረው ነገር ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ፈለቀች አስታወሰች። ለእናቴ ቶሎ አትንገሩብኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደንግጣ ትነሣለች ብላ ነበር አለቻቸው። ሌላም ትል ነበር፤ ስለ ባሏ። እጁን እዩለት፣ መጀመሪያ የሱን እጅ እዩለት እያለች ትለምነን ነበር። እሳቱን ከላይዋ ያጠፋው በእጁ ነበርና መዳፉ ተልጦ ነበር። እሷ ሳትታከም አልታከምም አለ፤ እኛም ረሳነው፣ እንደዚያው ሆኖ ነው ታክሲ ውስጥ አቅፏት የሄደው።

ከሱቁ በኩል ሚዛኑ ሲንኳኳ፣ ሴትዮዋ መልሷን ስትቀበል ይሰማል። እማማ ሲቲ መቁጠሪያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ሃይደር» ብለው ጠሩ።

ስሙ በዚያ ድምፅ ከተጠራ ሁለት ሳምንት ሆኖታልና የሰማ ሰው ሁሉ ተጠራጠረ። እንደገና ጠሩት። በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ እንደ እንግዳ መግባቱን ተጠራጥሮ፣ ሁለት እጁን ከኋላው ደብቆ።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉት እማማ ሲቲ ከአጠገባቸው ቦታ እየለቀቁ። «እጅህን አሳየኝ።»